የቫሪያብል ስም የሚፈለገው የት ነው?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ሊስፕ ቤተሰብ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች የወጣውን ጽሑፍ እዚህ ጎንደር ከማስተምራቸው ተማሪዎች ጋር አንብበነዋል። እንዲህ ያለ ርእስ በአማርኛ ጋዜጣ ላይ መውጣቱ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ዓምደኛው፣ አንድ ቫሪያብል (እሴት የሚሰጠውና በስም የሚጠራ ነገር) በተጠራ ቁጥር ቋንቋው ለዚያ ስም በመጨረሻ የተሰጠውን እሴት እንደሚወስድ አድርገው ማስረዳታቸው ጀማሪን ስለሚያሳስት እርማት እንዲደረግበት እጠይቃለሁ።

ነገሩን ከሊስፕ ቤተሰብ አንዱ በሆነው በስኪም ላሳይ። ስኪም ለስሞች የግእዝን ፊደል ስለሚቀበል ከዚህ በታች ያሉት ስሞች እንዳሉ ይሠራሉ፤ የቋንቋው የራሱ ትእዛዞች ግን በላቲን ፊደል የሚጻፉ ስለሆኑ እዚህ ያሰፈርኳቸው እንደ አነባበባቸው ነው።

(ዲፋይን ተመን 15)
(ዲፋይን (ግብር ዋጋ) (/ (* ዋጋ ተመን) 100))

«ዲፋይን» ስም ያወጣል፤ የስሌቱ ምልክት ደግሞ ከሚሰላው በፊት ይጻፋል። «ግብር» የሚለው ፈንክሽን (በስሙ ሲጠራ ሠርቶ ውጤት የሚመልስ የኮድ ክፍል) የተሰጠውን ዋጋ በተመኑ አባዝቶ ለ100 ያካፍላል። ቀጥሎ ሌላ ሰው፣ ለጥምቀት የሚመጡ እንግዶችን የሚቀበል ሆቴል ሒሳብ ሲያዘጋጅ፣ የአንድ ሌሊት የአልጋ ክፍያን እሱም በበኩሉ «ተመን» ብሎ ሰየመው እንበል፦

(ሌት ((ተመን 800)) (ግብር ተመን))

ስኪም 120 ብሎ ይመልሳል፤ ትክክለኛው መልስም ይኸው ነው። በዓምደኛው አገላለጽ ብንሄድ ግን በመጨረሻ የተሰጠው እሴት 800 ስለሆነ፣ «ግብር» በውስጡ ያለውን ተመን 800 ብሎ ወስዶ ለ800 ብር አልጋ 6400 ብር ይጠይቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ሒሳብ የሚከፍል እንግዳ ከየት ይገኛል?

ስኪም ይህን ስሕተት የማይሠራው፣ በፈንክሽኑ ውስጥ ያለውን ስም ባለቤት የሚፈልገው ፈንክሽኑ በተጻፈበት ቦታ እንጂ በተጠራበት ቦታ ስላልሆነ ነው። ከአራዳ የተላከ ደብዳቤ «ጎረቤቴ አበበ» ቢል፣ አዘዞ ደርሶ ስለተነበበ ብቻ የአዘዞው አበበ ማለት አይሆንም። ይህ አሠራር ሌክሲካል ስኮፕ ሲባል፣ የጠሪውን ስም የሚከተለው ደግሞ ዳይናሚክ ስኮፕ ይባላል።

የዓምደኛው አገላለጽ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አለመሆኑንም እረዳለሁ። ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሊስፕ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሠራ የነበረው በዳይናሚክ ስኮፕ ነበር፤ አንዱን ፈንክሽን ለሌላው አሳልፎ መስጠት ሲመጣ ስሞች እየተምታቱ ስላስቸገሩም «ፉናርግ» የሚል ስም የወጣለት ችግር ሆኖ ቆየ። በ1975 ጄራልድ ሳስማንና ጋይ ስቲል ስኪምን ሲያስተዋውቁ ሌክሲካል ስኮፕን መሠረት አደረጉ፤ ኮመን ሊስፕ የተባለው ሌላው የቤተሰቡ ቋንቋም በኋላ ይህንኑ ተከተለ። ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ሊስፕ ግን ሌክሲካል ስኮፕን በምርጫ የፈቀደው በ2012 በወጣው 24ኛ ዕትሙ ነው። እንግዲህ የተጻፈው ለቀድሞው ኢማክስ ሊስፕ ቢሆን ኖሮ ባልተቃወምኩ ነበር፤ ለመላው የሊስፕ ቤተሰብ መባሉ ግን አያስኬድም።

በዚህ አጋጣሚ ከክፍል ውስጥ የማየውን ሌላ ጉዳይም ላንሣ። ሌክሲካል ስኮፕን ገና የተረዳ ተማሪ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላኛው ጽንፍ ይሄድና፣ ፈንክሽኑ ሲጻፍ የነበረውን 15 ቀድቶ ለዘለዓለም ያስቀመጠ ይመስለዋል። ፈንክሽኑ የያዘው ግን ቫሪያብሉን ራሱን ነው። ስለዚህ ከሆቴሉ ሒሳብ ውጭ (ሴት! ተመን 10) ብለን ያንኑ የመጀመሪያውን ተመን ብንለውጠው፣ «ግብር» ለ800 ብር ከዚያ በኋላ የሚመልሰው 80 ይሆናል። «ሌት» አዲስ ቫሪያብል ይፈጥራል፣ «ሴት!» ያለውን ይለውጣል፤ በእኔ አስተያየት ተማሪው ስለ ክሎዠር (የተጻፈበትን ቦታ ቫሪያብሎች እንደያዘ ስለሚቆይ ፈንክሽን) ከመስማቱ በፊት ይህን ልዩነት በእጁ ሠርቶ ማየት አለበት። ቫሪያብል ማለት ስም የተጻፈበት ሣጥን ነው የሚለው የተለመደ ማብራሪያ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፤ ሁለቱም ሣጥኖች ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነውና።

ዳይናሚክ ስኮፕ ጨርሶ ይጣል ማለቴም አይደለም። በኮመን ሊስፕ የፕሮግራሙን ውጤት ለጊዜው ከስክሪን ወደ ፋይል ማዞር ለሚፈልግ ሰው እጅግ ምቹ ነው። እዚያ ግን ቫሪያብሉ በ«ዴፍቫር» ወይም በመሰል ትእዛዝ ታውጆ፣ በልማድም ስሙ በሁለት ኮከቦች መካከል ስለሚጻፍ፣ ኮዱን የሚያነብ ሰው ገና ሲያየው ይጠነቀቃል።

በሚቀጥለው ዕትማችሁ እርማቱን ብታወጡ፣ ቦታ ከጠበበም ከላይ ያሉትን ሦስት መስመሮች ከ120 እና ከ6400 ጋር ብቻ ብታትሙ፣ ኮምፒውተር ያለው አንባቢ ራሱ ሞክሮ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፕሮግራሚንግ መምህር
ጎንደር