«ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች በዚያ» አትበሏቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የአራት ዓመት ልጄ ሰሞኑን «ከወንዶች ጋር አልጫወትም» አለችኝ። ደነገጥኩ። ማን አስተማራት? ለካ ነገሩ ብዙም አስተማሪ አይፈልግም፤ ሴቶች ልጆች ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ ወንዶች ደግሞ ትንሽ ቆይተው፣ የራሳቸውን ጾታ ጓደኛ መምረጥ ይጀምራሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤሊኖር ማኮቢና ካሮል ጃክሊን እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት፣ የ4 ዓመት ተኩል ልጆች ከተቃራኒ ጾታ ይልቅ ከራሳቸው ጾታ ጋር 3 እጥፍ ያህል ጊዜ ሲጫወቱ፣ 6 ዓመት ተኩል ሲሞላቸው 11 እጥፍ ደርሷል። ወንዶቹ መጋፋትና መታገል ይወዳሉ፣ ሴቶቹ «ተው» ሲሏቸው አይሰሙም፣ ስለዚህ ሴቶቹ ይሸሻሉ።

ይሄ ይገባኛል። የማይገባኝ፣ መምህራን «ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች በዚያ ተሰለፉ» እያሉ ልዩነቱን ሲያሰፉት ነው። በስም ፊደል ማሰለፍ ምን ይከብዳል? አብረው ሲጫወቱም ጎሽ በሏቸው፤ ማበረታታቱ ሲቀር ወደየቡድናቸው ስለሚመለሱ ግን ለአንድ ሳምንት ብቻ አይሁን።

አንዲት እናት