ራስጌው በየት ነው?

ልጄ፣

አብሽር፣ ብሩ ደርሶኛል። ለአያትህ ቀብር እምነበረድ ይነጠፍ፣ ፎቶም ይለጠፍ ያልከውን ግን አላደረግኩም። እንዳትቀየመኝ።

ባለፈው ሳምንት ሀረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ አደርኩ። በማግስቱ ገጠር ወጣሁ። አባቴ ላይ ያሉት ሁለት ድንጋዮች ናቸው፤ አንዱ በራስጌ፣ አንዱ በግርጌ። ከወንዝ የመጡ ናቸው፤ መሮ አልነካቸውም፣ ፊደልም የለባቸው። የራስጌው ክንድ ያህል ይቆማል። ጫፉ ሽበት የመሰለ ነገር አብቅሏል፣ በጥፍሬ ብፍቀው እንቢ አለኝ። አፈሩ ስንዝር ብትሆን ነው ከፍታዋ፤ ከዚያ በላይ ማስነሳት በሃይማኖታችንም አይወደድም። በላዩ ያለው እሬት ብቻ ነው፤ እሱ እንደሁ ውሃ አጣሁ ብሎ አይሞት።

ወንዙን ስትሻገር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥዱ ሥር፣ የእናቴ እናት አለች። የሷ የድንጋይ ካብ ነው። የእንጨት መስቀል ነበረው፣ ምስጥ በላው።

አባቴ በልጅነቴ ያሳየኝን ልንገርህ። መካ ከኛ በስተሰሜን ነው። እስላም በቀኝ ጎኑ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አድርጎ ይተኛል። ስለዚህ እዚህ ወሎ ራሱ ወደ ምሥራቅ፣ እግሩ ወደ ምዕራብ ይውላል። ክርስቲያኑ ደግሞ ፊቱ ፀሐይ መውጫን እንዲያይ ራሱ ወደ ምዕራብ ነው። እንግዲህ የሁለቱም ጉድጓድ አንድ አቅጣጫ ይዞ ይቆፈራል፤ የሚለየው ራስጌው ነው። ቅሬያችን፣ ያው እድራችን፣ ደግሞ ድብልቅ ነው፣ ታውቃለህ። ዶማ የያዘው ሰው እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ ጥያቄው «ራስጌው በየት ነው?» ነው።

የከተማውንም መቃብር አይቻለሁ። ፎቶው ፀሐይ በልቶት ማን እንደሆነ አይለይም። ያንዱን ዘመዳችንን ስም ደግሞ ጸሐፊው አንድ ፊደል ስቶበት፣ ይኸው እስከዛሬ በሰው ስም ተኝቷል። አንተስ ከጢያ ፎቶ ልከህልኝ የለም? 36 ትክል ድንጋይ፣ ብዙዎቹ ላይ ጎራዴ ተቀርጿል፤ ስም ያለው ግን አንድም አላየሁ።

የግርጌው ድንጋይ በክረምቱ ዝናብ ዘሟል። እኔ አቅም የለኝም፣ ስትመጣ አንተ ታቀናዋለህ። ከብሩ ለቅሬው ሁለት ዶማና አንድ አካፋ ገዛሁ፤ የድሮው አካፋ እጀታው ተሰብሮ በገመድ ታስሮ ነበር። የተረፈው እጄ ላይ አለ።

እናትህ፣ ከደሴ