ፊቴን ለመለሳችሁልኝ ሁሉ

ያን ቀን ጠዋት ኮምቦልቻ ቤቴ ስጉመጠመጥ ውሃው በግራ በኩል ፈሰሰ። መስታወት ሳይ ግራ ፊቴ ወርዷል። ዓይኔ አልከደን አለ። ቤቱ ተሸበረ። አንዱ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ሊያሽልኝ ተነሳ፣ ሌላው ስትሮክ ነው አለ። የግቢያችን እማማ ግን "አሁኑኑ ሐኪም ይያት!" ብለው በባዶ እግራቸው ወጥተው ባጃጅ አስቆሙ። እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ለካ ለያዘኝ ሕመም ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒት በ3 ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው ይበልጥ የሚረዳው።

ሐኪሙ ግንባሬን እንድቋጥር ጠየቀኝ። ግራው አልቋጠረም። እጅና እግሬንም ፈተሸና "ስትሮክ አይደለም፣ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ሰባተኛው ነርቭ ነው፤ ቤልስ ፓልሲ ይባላል" አለኝ። ረጋ ብሎ ስላስረዳኝ አመሰግነዋለሁ። ቀን የዓይን ጠብታ፣ ማታ ቅባትና ፕላስተር ሆነ ኑሮዬ።

ደሴ ያለሽው ፊዚዮቴራፒስቷ እህቴ፣ ላንቺ ምን ልበል? የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ስመጣ ጠንካራ ማሸት ወይም ማሽን ጠብቄ ነበር። አንቺ መስታወት ሰጠሽኝ። "በኃይል አይደለም፣ ቀስ ብለሽ" አልሽኝ። ደህናው ጎን እንዳይጎትተው በጣቴ ይዤ፣ የግራ ከንፈሬን በትንሹ እንዳነሳ አሳየሽኝ። ሁለት ሳምንት ምንም ለውጥ አልነበረም። አለቀስኩ። መስታወቱን ገልብጠሽ ሻይ አዘዝሽልኝ። ያቺን ሻይ አልረሳትም።

ከወራት በኋላ ደግሞ ፈገግ ስል ግራ ዓይኔ አብሮ ይጨፈን ጀመር። ነርቩ ሲያገግም መንገድ እንደሚስት ነገርሽኝ፤ ከንፈሬን ሳነሳ ዓይኔን እንዳልጨፍን በትዕግሥት አለማመድሽኝ።

የአንደኛ ክፍል ልጆቼ፣ እናንተንም አመሰግናለሁ። "በ" እና "ፐ" ስል አየሩ በጎን ያመልጠኝ ነበር። አንዳችሁም አልሳቃችሁም። "ቲቸር፣ አንቺ ጠቁሚ፣ እኛ እንላለን" አላችሁኝ። ፊደሉን ያን ወር ያስተማራችሁት እናንተ ናችሁ።

ዱዓ ያደረጋችሁልኝ፣ ስለት የተሳላችሁልኝ ጎረቤቶቼ፣ አላህም እግዜሩም ይስጥልኝ።

ትናንት እማማ ቤት ቡና ነበር። አቦሉን ስጠጣ ጠብታ አልወረደም። እማማ ዝም ብለው አዩኝና "እስቲ ከሰሉን እፍ በይልኝ" አሉ። ጎንበስ ብዬ እፍ አልኩ። ፍሙ ቀላ። እማማ እልልታውን አቀለጡት።