የባዮሎጂ ክበብ ዘገባ፦ ማይሊንን በፌስታል

ክበባችን ዘንድሮ የሠራው በአንድ ርዕስ ላይ ነው፦ አክሶን የሚባለውን የነርቭ ክር በሚጠቀልለው ማይሊን ላይ። ማይሊን ብዙ ጊዜ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ይሳላል። ሥዕሉ ግን ዋናውን ነገር ይደብቃል። ልባሱ የአንድ ሴል ክንድ ተለጥጦና ተደጋግሞ የተጠቀለለበት ነው። ከደረቅ ክብደቱ 70 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነው ስብ ቢሆንም ጥቅልሉን አጥብቀው የሚይዙት ፕሮቲኖቹ ናቸው።

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የበግ አንጎል ቆርጠን አየን። ትኩስ አንጎል ቢላ ላይ እየተጣበቀ ይፈርሳል፤ ስለዚህ በረዶ ሳይሆን ጠንከር እስኪል ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ። ጠርዙ ግራጫማ፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ነጩ ማይሊን የበዛበት ነው። ጓንትና በረኪና ግድ ናቸው።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሞዴል ሠራን። አክሶኑ 35 ሳ.ሜ ርዝመት ያለው ቀጭን የእንጨት ዘንግ ነው። አንጎል ውስጥ ማይሊን የሚሠራው ሴል፣ የኦሊጎዴንድሮሳይት፣ ክንዶች ደግሞ 30 ሳ.ሜ ርዝመትና 10 ሳ.ሜ ስፋት ያላቸው ሦስት ፌስታሎች ናቸው። የፌስታሉ የውስጥ ገጾች በሁለት ጎን የሚያጣብቅ ፕላስተር ይገናኛሉ፤ ይህ ከማይሊን ፕሮቲኖች አንዱን፣ ማይሊን ቤዚክ ፕሮቲንን፣ ይወክላል። ሲጠቀለል የውጭ ገጾቹ የሚነካኩበት ቦታ የሌላው የማይሊን ፕሮቲን፣ የፕሮቲዮሊፒድ ፕሮቲን፣ ድርሻ ነው። ኮላ አይሆንም፤ ሲደርቅ ከፌስታሉ ላይ ይላጣል። ፕላስተር ያልገባበት ፌስታል አየር ይይዝና ጥቅልሉ ይላላል። አንዱን ሆን ብለን እንዲሁ ተውነው፤ ማይሊን ቤዚክ ፕሮቲን የሌላቸው፣ ሺቨረር የሚባሉት አይጦች የሚንቀጠቀጡት ማይሊናቸው በዚህ መልኩ ሳይጠብቅ ስለሚቀር ነው።

በጥቅልሎቹ መካከል ያለውን የራንቪየር ክፍተት ተማሪዎች አንድ ሳ.ሜ አደረጉት። እውነተኛው ክፍተት አንድ ማይክሮ ሜትር ገደማ፣ ጥቅልሉ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ስለሚሆን በእኛ ሞዴል የወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ ይበቃል።

ማይሊን መሠራት የሚጀምረው ከመወለድ በፊት ሲሆን በፊተኛው አንጎል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ይቀጥላል። ሴሎቹ እንዲበስሉ የታይሮይድ ሆርሞን፣ ለሆርሞኑም አዮዲን ያስፈልጋል፤ በአዮዲን የበለጸገ ጨው ላይ ፖስተር የሠራነው ለዚህ ነው።

ብዙ ጥያቄ ያስነሳው ጥገናው ነበር። ማይሊኑ የተገፈፈ አክሶን አንጎል ውስጥም እንደገና ሊጠቀለል ይችላል። የተቆረጠ አክሶን ግን እዚያ መልሶ ማደግ ይቸግረዋል፤ አንዱ ምክንያት ኖጎ ኤ የተባለውና በማይሊኑ ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን እድገቱን መግታቱ ነው። በእጃችን ነርቮች ላይ ግን ከአንጎል ውጭ ማይሊን የሚሠሩት የሽዋን ሴሎች ፍርስራሹን ስለሚያጸዱ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል።

ሞዴሎቹ በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ናቸው። ፕላስተሩን ሙቀት ያላቅቀዋልና የምታዩዋቸው ወደ መስኮቱ አታስጠጓቸው።