1,000 ጠርሙስ ለ400 ጉድጓድ፦ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለውን ናይትሬት ለመተንበይ የድጋፍ ጥሪ

ናይትሬት ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ምላስም አይለየውም። ከጉድጓድ የተቀዳ ኩልል ያለ ውሃ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ናይትሬት ይያዝ ወይም 110፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ የሚለይ ሰው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ይህ ቁጥር ሲቀመጥ በቅድሚያ የታሰቡት በጡጦ የሚመገቡ ሕፃናት ናቸው። ናይትሬቱ በሰውነታቸው ውስጥ ወደ ናይትራይት ይለወጣል፤ ናይትራይት ደግሞ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያሳጣዋል፤ ከንፈርና ጥፍር ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል። ሐኪሙ ሃንተር ኮምሊ በ1945 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አዮዋ ይህን ሕመም ከጉድጓድ ውሃ ጋር አያይዞ ካሳወቀ ወዲህ ነገሩ የታወቀ ነው።

ማፍላትም አያድንም። 45 ሚሊ ግራም የያዘ አንድ ሊትር ውሃ እየፈላ ሩቡ ቢተን፣ የቀረው በሊትር 60 ይሆናል። ለሕፃኗ ተጠንቅቃ ውሃውን ደጋግማ ያፈላች እናት ከጣሪያው በታች የነበረውን ውሃ በገዛ እጇ ከጣሪያው በላይ አደረሰችው ማለት ነው። የነገራት ከሌለ ከየት ታውቀዋለች? ክሎሪንም ሆነ የአሸዋ ማጣሪያ ናይትሬትን አይነካውም።

መፍትሔው መለካት ነው። ግን ብዙ የግል ጉድጓዶች ከተቆፈሩበት ቀን ጀምሮ ለናይትሬት ተመርምረው አያውቁም፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልመርምር ማለትም የሚሞከር አይደለም። የጋራ ሥራችን የተነሳው ከዚህ ነው። ከተለኩት ጉድጓዶች ተምሮ፣ ባልተለኩት ቦታዎች ናይትሬቱ ከ50 የማለፍ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ የሚተነብይ ሞዴል እየሠራን ነው፤ ካርታው፣ ኮዱና ዳታው ለማንም ክፍት ይሆናሉ። ካርታው ምርመራን አይተካም፤ ጠርሙሱ መጀመሪያ ወደየትኛው ጉድጓድ ይሂድ ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ ይሰጣል። የጎደለን የተለካ ጉድጓድ ነው። ስለዚህ 400 ጉድጓዶችን ሁለት ሁለት ጊዜ ለመመርመር የሚያስፈልገውን ዕቃ፣ የላቦራቶሪ ሰዓትና የሰው ጉልበት እንድታሟሉልን እንጠይቃችኋለን።

ኮምፒውተር አንፈልግም

ብዙ ለጋሾች ትንበያ ሲባሉ ቶሎ የሚያስቡት ትልቅ ኮምፒውተር ነው። ቅን ሐሳብ ነው፤ ግን የእኛ ችግር እዚያ የለም። የምንጠቀምበት ራንደም ፎረስት የሚባለው ዘዴ (የብዙ የውሳኔ ዛፎችን ግምት አጣምሮ የሚተነብይ) በጥቂት ሺህ ጉድጓዶች ላይ ሲሠለጥን በተራ ላፕቶፕ በደቂቃዎች ይጨርሳል። ግብዓቶቹም በነፃ ይገኛሉ፤ የአፈር ካርታ በ250 ሜትር፣ ዝናብ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የመሬት ከፍታ በ30 ሜትር ልኬት። ለእነዚህ ባለ 2 ቴራባይት ሁለት ሃርድ ዲስክ ይበቃናል።

ለመሆኑ ሞዴሉ ምን ያያል? ናይትሬት ወደ ከርሰ ምድር የሚወርደው ከማዳበሪያ፣ ከፍግ፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከራሱ ከአፈሩ ናይትሮጅን ነው። የሸክላ አፈር ቅንጣት እንደ ናይትሬት ሁሉ ነጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ይዞ አያስቀረውም፤ ውሃው ወደሚሄድበት አብሮ ይሄዳል። የውሃው ጥልቀት፣ የአፈሩ ዓይነት፣ የዝናቡ መጠን፣ የሚዘራው ሰብል፣ የከብቱና የሰው ብዛት ወደ ሞዴሉ የሚገቡት ለዚህ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው ድራስቲክ የሚባለው የቆየ ዘዴ ሰባት ነገሮችን በተወሰነ ክብደት ይደምራል፤ ለውሃው ጥልቀት 5፣ ለመሬቱ ተዳፋትነት 1 ይሰጣል። ቦታው ለብክለት ምን ያህል የተጋለጠ እንደሆነ ለማየት ዛሬም ይጠቅማል። ሆኖም እዚያ መሬት ላይ ናይትሮጅን መድረስ አለመድረሱን አያውቅም። ያንን የሚያሳየው ከጉድጓዱ የተቀዳ ናሙና ነው።

ሒሳቡ

400 ጉድጓድ በደረቁ ወቅት መጨረሻና ከዝናቡ በኋላ ሲቀዳ 800 ናሙና ይሆናል። ጥልቀት በሌላቸው ጉድጓዶች ዝናቡ በአፈር ውስጥ የተጠራቀመውን ናይትሬት አጥቦ ሊያወርድ ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ ብቻ መቅዳት ሊያታልል ይችላል። ከየ10ሩ አንዱ በድጋሚ ይቀዳል፤ ይህ 80 ነው። ከየ20ው አንዱ ባዶ ናሙና ነው፤ የተጣራ ውሃ ጉድጓዱ ድረስ ተወስዶ እዚያው በጠርሙስ የሚሞላ ማለታችን ነው፤ ይህ 40 ነው። ድምሩ 920 ይመጣል። ቀሪው 80 ጠርሙስ ውጤታቸው ከጣሪያው ለሚያልፍ ጉድጓዶች ማረጋገጫና ለሚሰበር ነው። ባለ 250 ሚሊ ሊትር፣ ሰፊ አፍ ያለውና ክዳኑ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ እንፈልጋለን።

ከጠርሙሱ ጋር 1,200 የሲሪንጅ ማጣሪያ ባለ 0.45 ማይክሮን ያስፈልጋል፤ ደፍራሽ ውሃ ሲያጋጥም አንዱ ማጣሪያ ከግማሽ ጠርሙስ በኋላ ይደፈናል፣ ትርፉ ለዚያ ነው። 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ፣ 50 ስትሪፕ (ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀለሙ የሚለወጥ ቁራጭ) የያዘ የናይትሬት መመርመሪያ 20 ጣሳ፣ ስምንት የበረዶ ሳጥን፣ ፒኤች፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትና የሟሟ ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ አምስት (አራቱ ለአራት ቡድን፣ አንዱ ለመጠባበቂያ)፣ ከነማስተካከያ ፈሳሾቻቸው።

ስትሪፕ የምትልኩ እባካችሁ ጣሳው ላይ ያለውን የቀለም መለኪያ ተመልከቱ። አንዳንዱ የሚያሳየው ናይትሬትን ነው፤ አንዳንዱ በናይትሬቱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ። 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት በናይትሮጅን ሲቆጠር 11.3 ነው፤ ማባዣው 4.43። ሁለቱን ዓይነት በአንድ ሳጥን ውስጥ ቀላቅሎ ሜዳ የወጣ ቡድን አደገኛውን ጉድጓድ ደህና ነው ብሎ ሊመለስ ይችላል። የምንፈልገው በናይትሬት የሚያነበውን ነው።

አንድ ጉድጓድ ላይ

ገንዘባችሁና ጉልበታችሁ የት እንደሚገባ እንድታዩት፣ የአንድ ጉድጓድ ሥራ ይህን ይመስላል። በቧንቧው ውስጥ ቆሞ የከረመ ውሃ የከርሰ ምድሩን ውሃ አይወክልም፤ መጀመሪያ ይወጣል። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ በየሜትሩ 17.7 ሊትር ገደማ ይይዛል። 12 ሜትር ውሃ ካለው 212 ሊትር ነው፤ ልማዱ ሦስት እጥፉን ማውጣት ስለሆነ ወደ 636 ሊትር ይደርሳል። በደቂቃ 20 ሊትር በሚሰጥ ፓምፕ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሰው ከንጋት ጀምሮ ሲቀዳበት የዋለ ጉድጓድ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። መሣሪያው በተከታታይ ሦስት ንባብ ሲረጋ፣ አስተላላፊነቱ ከ3 በመቶ፣ ፒኤቹ ከ0.1 በላይ ካልተለዋወጠ ይበቃል። የሚወጣው ውሃ መሬት ላይ አይፈስም፤ የባለቤቶቹ ጀሪካኖች ይደረደራሉ።

ከዚያ ሲሪንጁ ይሞላል፣ ማጣሪያው ይገጠማል፣ የመጀመሪያው 10 ሚሊ ሊትር ይደፋል፣ ጠርሙሱ በተጣራው ውሃ ሦስቴ ይለቀለቃል፣ ይሞላል፣ ይታሸጋል። የጉድጓዱ መለያ ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ የሚጻፈው ጠርሙሱ ገና ደረቅ ሳለ ነው፤ በረዶ ሳጥን ውስጥ እርጥበት የነካው ጽሑፍ ይለቃል። ማጣሪያው የሚያስፈልገው ባክቴሪያ በመንገድ ላይ ናይትሬቱን እንዳይበላው ነው፤ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የተያዘ ናሙና በ48 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት።

ከሁሉ የከፋው ስህተት በቀና ልብ የሚሠራ ነው። ለብረታ ብረት ምርመራ የተዘጋጀ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ በናይትሪክ አሲድ ታጥቧል፣ ወይም ጠብታ አሲድ ተጨምሮበታል። በዚያ ጠርሙስ የተቀዳ ውሃ ናይትሬቱ ሰማይ ይነካል፤ ያለ ባዶ ናሙና ማንም አይነቃበትም። ስለዚህ ያገለገለ የላቦራቶሪ ጠርሙስ አትላኩልን፤ ስጦታችሁን ንቀን አይደለም።

ወረቀት ያላችሁ ወረቀት ላኩ

ምንም ሳታወጡ ልትሰጡን የምትችሉት ትልቅ ነገር የቆየ የውሃ ምርመራ ውጤት ነው። ቁፋሮ ላይ የተሰማራችሁ፣ የውሃ ኮሚቴዎች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ጉድጓድ ያላችሁ ሁሉ፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ የጉድጓዱ ጥልቀትና የናይትሬቱ ቁጥር ካለ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን። ጥልቀቱ የሌለው ውጤት ግማሽ ዋጋው የለም፤ የ8 ሜትርና የ90 ሜትር ጉድጓድ ጎን ለጎን ቢሆኑም የሚቀዱት የተለያየ ውሃ ነው። የቦታውን የጂፒኤስ ነጥብ (ኬክሮስና ኬንትሮስ) ስትጽፉ ከነጥቡ በኋላ አራት አሃዝ ይኑር፤ ይህ ወደ 11 ሜትር ትክክለኛነት ይሰጣል። ሁለት አሃዝ ብቻ ሲሆን ጉድጓዱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊስት ይችላል። ባለቤቶቹ እንዳይጋለጡ በክፍቱ ካርታ ላይ ቦታው በአንድ ኪሎ ሜትር ካሬ ተደብዝዞ ነው የሚወጣው።

ወረቀቱ ላይ «ናይትሬት 12» ብቻ ተጽፎ ቢመጣስ? ናይትሬት ከሆነ ውሃው ደህና ነው። ናይትሮጅን ከሆነ 53 ነው፣ ከጣሪያው አልፏል። ሌሎቹ ማዕድናት አብረው ከተጻፉ ልዩነቱን ልንይዘው እንችላለን፤ የፖዘቲቩና የነጌቲቩ ቻርጅ ድምር እኩል መምጣት ስላለበት፣ የትኛው ንባብ ሚዛኑን እንደሚያቃና ሒሳቡ ይናገራል። ስለዚህ ገጹን ሙሉውን ላኩ፤ የናይትሬቱን መስመር ብቻ ቆርጣችሁ አትላኩ። «አልተገኘም» የሚለውንም ዜሮ ብላችሁ አትጻፉ፤ መሣሪያው ማየት ከሚችለው በታች ማለት ነውና እንዳለ ይምጣ።

ሞዴሉ የት ይወድቃል

ለምሳሌ ከ1,000 ጉድጓድ 80ው ከጣሪያው በላይ ቢሆኑ፣ ሁሉንም ደህና ናቸው የሚል ሞዴል 92 በመቶ ልክ ነው፤ የሚጠጣውን ሕዝብ ግን አንዱንም አላዳነም። ስለዚህ ሞዴላችንን የምንመዝነው ከ80ው ስንቱን ያዘ በሚለው ነው። ደህናውን ጉድጓድ አደገኛ ብሎ አንድ ስትሪፕ ማባከን ይሻለናል።

ሁለተኛው ወጥመድ ጎረቤት ጉድጓዶች ናቸው። አንዱ ለማሠልጠኛ፣ 50 ሜትር ርቆ ያለው ለፈተና ከዋለ ሞዴሉ ያጠናውን ነው የሚደግመው፤ ውጤቱ ያምራል፣ አዲስ ቦታ ሲሄድ ግን ይወድቃል። እኛ አካባቢን እንዳለ ነጥለን እናስቀርና በዚያ እንፈትነዋለን። 400ዎቹ ጉድጓዶችም የተመረጡት ዳታ ከሌለበትና ሞዴሉ ከሚያመነታበት ነው፤ ናይትሬት አለባቸው ተብለው የሚጠረጠሩትን ብቻ መምረጥ ካርታውን ያዛባዋል።

ሦስተኛው ኦክስጅን ነው። ማዳበሪያ በብዛት በሚጣልበት መሬት ሥር ናይትሬት የሌለበት ጉድጓድ ይገኛል፤ ኦክስጅን ባነሰበት ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታልና። የሟሟ ኦክስጅኑ ከ0.5 ሚሊ ግራም በታች ወርዶ ብረትና ማንጋኒዝ ከታየ ምልክቱ ይህ ነው። ይህን ያላየ ሞዴል «ማዳበሪያ አይጎዳም» ብሎ ይማራል። የሟሟ ኦክስጅን መለኪያው ውድ ቢሆንም ከዝርዝሩ ያላወጣነው ለዚህ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ከመሬት ወደ ጉድጓድ ለመድረስ ዓመታት፣ አንዳንዴም አሥርት ዓመታት የሚወስድ ናይትሬት አለ፤ የዛሬው ንጹሕ ንባብ ነገም ንጹሕ ነው አያሰኝም።

ላቦራቶሪ ያላችሁ፣ የአዮን ክሮማቶግራፊ (በውሃ ውስጥ የሟሙ አዮኖችን ለይቶ የሚለካ) መሣሪያችሁን ሰዓት ስጡን። አንድ ናሙና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ 920ው ከማስተካከያዎቹ ውጭ ከ230 እስከ 307 ሰዓት ነው፤ ተከፋፍላችሁ ብትይዙት ለማንም አይከብድም። ናይትራይቱንና ክሎራይዱንም አብራችሁ ስጡን፤ ናይትሬትና ክሎራይድ አብረው ከፍ ሲሉ ጥርጣሬው ወደ መጸዳጃ ጉድጓድና ፍሳሽ ያዘነብላል። ጉልበት የምትሰጡ፦ ሁለት ሰው ያለው ቡድን በቀን ስድስት ጉድጓድ ይሠራል፤ ለአንድ ዙር 67 የቡድን ቀን ያስፈልገናል፣ ሥልጠናው አንድ ቀን ነው።

ስትሪፑ ከ50 በላይ ካሳየ ቤተሰቡ በዚያው ቀን ይነገረዋል፦ የላቦራቶሪው ማረጋገጫ እስኪመጣ ለሕፃን ወተት በዚህ ውሃ አይበጥበጥ፣ አይፍላም፣ ሌላ ምንጭ ይፈለግ። ናይትሬትን ከውሃ የሚያወጡት እንደ ሪቨርስ ኦዝሞሲስና የአዮን ልውውጥ ያሉ መሣሪያዎች ናቸው፤ የትኛው ለየትኛው ቤት እንደሚሆን የምታውቁ ባለሙያዎች ለሚጠይቁ ቤተሰቦች የምትመልሱበት ሰዓት ብትሰጡን ትልቅ እርዳታ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ባሉት ስድስት ሳምንታት ማለቅ አለበት። ጠርሙስና ማጣሪያው ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይድረሰን። ስትሪፕ የምትልኩ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው ይሁን፤ ጣሳው ያልተከፈተ፣ በሳጥኑ ላይ የምርት መለያ ቁጥሩ በግልጽ የሚታይ ይሁን። ንባቡ ከተዛባ የትኞቹ ጉድጓዶች በዚያ ጣሳ እንደተለኩ ለይተን የምንመለሰው በዚያ ቁጥር ነው።