የሁነት ዝግጅት ተማሪዎች ከአሸርነት ያለፈ ልምምድ ያስፈልጋቸዋል

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2027 የሚካሄደውን 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ እንድታስተናግድ ከተመረጠች ወዲህ ስለ አዳራሾች፣ ስለ ሆቴሎችና ስለ መንገዶች ብዙ ሲባል እሰማለሁ። እንግዶቹን በየበሩና በየመመዝገቢያ ጠረጴዛው ስለሚቀበሉት ወጣቶች ግን የሚነሳው ከስንት አንዴ ነው። ለዓመታት በስብሰባና በኤግዚቢሽን ዝግጅት ሥራ ላይ የቆየሁ በመሆኔ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን ይህን ሙያ በተግባር የሚማሩበት መንገድ ሊስተካከል ይገባል የሚለውን ሐሳቤን ለአንባቢያን ማካፈል እፈልጋለሁ።

ቱሪዝምና ሆቴል ማኔጅመንት፣ ማርኬቲንግ ወይም ኮሙኒኬሽን የሚማሩ ወጣቶች ወደ ሁነት ዝግጅት የሚገቡት በአብዛኛው በአሸርነት፣ ማለትም በእንግዳ ተቀባይነት ነው። አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው በር ላይ ይቆማሉ፣ እንግዳውን ወደ ወንበሩ ይመራሉ፣ የአበባ እቅፍና የምስክር ወረቀት ይዘው መድረክ ላይ ይወጣሉ፣ ማታ ክፍያቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። ሥራው የተከበረ ነው፤ ለብዙ ተማሪም የኪስ ገንዘብ ስለሆነ አላቃልለውም። ይሁን እንጂ ተማሪው አዳራሹ ከመመረጡ በፊት ምን ምን እንደታየ፣ በጀቱ እንዴት እንደተደለደለ፣ መርሐ ግብሩ ለምን በዚያ ቅደም ተከተል እንደተዘጋጀ ሳያውቅ ይወጣል። በኢንተርንሺፕ ስም ወደ ድርጅቶች የሚላኩትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ፎቶ ኮፒ ሲያነሱና ደብዳቤ ሲያመላልሱ ከርመው፣ ማኅተም ያረፈበት የግምገማ ቅጽ ይዘው ወደ ግቢ ይመለሳሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና በመሰጠቱ የመምህራንም የተማሪዎችም ትኩረት ወደ ፈተናው ማድላቱ የሚጠበቅ ነው፤ ሆኖም ይህን ሙያ በምርጫ ጥያቄ ብቻ መመዘን አይቻልም።

ተማሪዎቹ ምን እንደሚያመልጣቸው ለማሳየት የመመዝገቢያ ጠረጴዛን ብቻ ላንሳ። የተሳታፊዎች ባጅ በፊደል ተራ ይደረደራል። እኛ ኢትዮጵያውያን የምንፈለገው በራሳችን ስም ሲሆን፣ አብዛኛው የውጭ እንግዳ ደግሞ በቤተሰብ ስሙ ይመዘገባል። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው ይህን ሳያስብ ሁሉንም በመጨረሻው ስም ከደረደረው፣ «አበበ እባላለሁ» ብሎ የቀረበው ተሳታፊ ባጁ በአባቱ ወይም በአያቱ ስም ሥር ተቀምጦ ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ አንዱ የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሁለትና ሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። አስተናጋጇ በጭንቀት ካርዶቹን ስታገላብጥ ሰልፉ እስከ ፍተሻው በር ይደርሳል፤ የመክፈቻ ንግግሩም በባዶ ወንበሮች ፊት ይጀመራል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ዝርዝሩን በሁለቱም አደራደር ማተም፣ ስማቸው ላልተገኘላቸው ሰዎች ከሰልፉ ወጣ ያለ ጠረጴዛ መመደብና ለዚያ ጠረጴዛ መወሰን የሚችል ሰው ማስቀመጥ ይበቃል። ይህን ክፍል ውስጥ የሰማ ተማሪ ሊረሳው ይችላል፤ አንድ ጠዋት ጠረጴዛው ጋ ቆሞ ያየ ግን አይረሳውም። መጥሪያ ካርድ ላይ የሚጻፈው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ይሁን በውጭው፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምሳ ለስንት ሰው ይዘዝ፣ የሶላት ቦታው የት ይሁን የሚሉት ጥያቄዎችም የሚማሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ተማሪ የሚመደብበት ቦታ ጠፍቶ አይደለም። የአፍሪካ አዳራሽ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ እንግዳ ሲቀበል የኖረ፣ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ቤት ነው። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በየዓመቱ በየካቲት ወር ወደዚህ ከተማ ይመጣል፤ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም በየኅዳሩ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አደባባይ ያወጣል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የሚያስደንቀኝ የጎንደር ጥምቀት ነው። ታቦታቱ ከየደብራቸው በየትኛው ሰዓት እንደሚነሱ፣ የት እንደሚገናኙ፣ ወጣቶቹ ምንጣፉን ከፊት እያነጠፉ ከኋላ እያነሱ እንዴት እንደሚፈራረቁ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ እጅ ለእጅ ተያይዘው ያለ ግፊያ እንዴት መንገድ እንደሚያስከፍቱት ቀርቦ ያየ ሰው፣ በሺዎች የሚቆጠር እንግዳ የማስተናገድ ዕውቀት ከውጭ ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን ይረዳል። የጥምቀት አከባበር በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በዚያችው ከተማ ደግሞ ቱሪዝም የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለ። በቤተ ክርስቲያን ፈቃድና የበዓሉን መንፈሳዊነት በማይነካ ሁኔታ፣ ተማሪዎች ከከተራ በፊት ከአስተባባሪዎቹ ጋር አብረው ቢሰነብቱ፣ ሕዝቡ የሚጨናነቅበትን ጠባብ ቦታ፣ የውኃና የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ የሚሰጥበትን ሥፍራ በካርታ ላይ ቢያሰፍሩ፣ ለራሳቸው ከሚያገኙት ትምህርት አልፎ ለከተማዋም የሚጠቅም ሰነድ ይተዋሉ።

ከሁሉም የቀረበው የልምምድ ቦታ ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው። በየዓመቱ የምረቃ በዓል ይዘጋጃል፤ ድንኳኑ፣ መድረኩና ድምፅ ማጉያው ለአቅራቢ ተሰጥቶ ተማሪው በታዳሚነት ይቀራል። ከሩቅ ገጠር ልጇን ልታስመርቅ የመጣች እናት ከግቢው በር ጀምሮ እስከ መቀመጫዋ ድረስ የምታልፍበትን መንገድ አንድ የተማሪዎች ቡድን አስቀድሞ ተከትሎት ቢሆን ኖሮ፣ ማንበብ ለማትችለው እናት የግድግዳ ጽሑፍ እንደማይጠቅማት፣ ፀሐይ ላይ ለሰዓታት መቀመጥ እንደማይቻላት፣ የልጇ ስም ሲጠራ ከካሜራ ባለሙያዎች ጀርባ ምንም እንደማይታያት ያስተውሉ ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ተመራቂ መድረኩ ላይ የሚወጣበት መወጣጫ ስለመኖሩም ከበዓሉ በፊት ይጠይቁ ነበር። የእንግዳን ቆይታ መንደፍ የሚባለው ሙያ ይኸው ነው፤ ከዲኮሩ ውበት በፊት ይህን ማየት መቻል ይቀድማል።

አዘጋጅ ድርጅቶች ተማሪ ለመቀበል የሚያቅማሙበት ምክንያት ይገባኛል። ክፍያ የተዋዋሉበትን ዝግጅት የሚያበላሽ ስህተት ይፈራሉ። ስለዚህ ለአንድ ተማሪ አንድ የተወሰነ ኃላፊነት፣ ለምሳሌ የተናጋሪዎችን ሰዓት መከታተል ወይም የትርጉም ማዳመጫዎችን ማደልና መሰብሰብ፣ ከቦታ ቅኝቱ አንሥቶ ዕቃው ተነቅሎ እስኪጫን ድረስ ይሰጠው፤ ተጠያቂ የሆነ ባለሙያም አጠገቡ ይመደብለት። የትራንስፖርትና የምሳ ወጪው ከተማሪው ኪስ አይውጣ። ዕቃ መንቀል ብዙ ጊዜ እኩለ ሌሊት ስለሚያልፍ፣ ሴት ተማሪዎችን እስከ ማደሪያቸው የሚያደርስ መኪና ከውሉ ውስጥ ይግባ። ግምገማውም በማኅተም ብቻ ሳይሆን ተማሪው ራሱ ባዘጋጀው የደቂቃ በደቂቃ መርሐ ግብርና በዕለቱ ምን እንደተለወጠ በጻፈው ሪፖርት ይሁን።

የ2027ቱን ጉባኤ ዝግጅት የሚመሩ አካላት ዩኒቨርሲቲዎችን ከወዲሁ ጠርተው ቢያነጋግሩና ምን ያህል ተማሪዎች በየትኛው የሥራ ክፍል እንደሚመደቡ ቢወስኑ፣ ተማሪዎቹ ከዚያ በፊት በሚካሄዱት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤዎች ላይ ሊለማመዱ ይችላሉ። ይህ ምደባ በጉባኤው ዋዜማ በጥድፊያ ከሚደረግ ይልቅ በሚቀጥለው ሴሚስተር የኢንተርንሺፕ ዕቅድ ውስጥ እንዲገባ የሚመለከታቸውን የትምህርት ክፍሎች በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የሁነት ዝግጅት ባለሙያ፣
ከአዲስ አበባ