የክሪፕቶ ዋሌት ስላለባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለክቡራንና ክቡራት ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ ዋሌት (እንደ ቢትኮይን ያለ ክሪፕቶ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ፣ የሚያዝበት ፕሮግራም) የተጫነባቸውን መሣሪያዎች ለጥገና የምንረከብበትን አሠራር መለወጣችንን ስለ ማሳወቅ

ባለፈው ወር አንድ ደንበኛችን ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ለመፍታት ስንገለብጠው ከሥሩ በፕላስተር የተለጠፈች ቢጫ ወረቀት አገኘን፤ በላይዋም ከ1 እስከ 24 ቁጥር የተሰጣቸው የእንግሊዝኛ ቃላት በጥሩ እጅ ጽሑፍ ተደርድረዋል። ደንበኛችን «የፓስዎርድ ማስታወሻ ናት» አሉን። ነገሩ ግን ከፓስዎርድ ያለፈ ነበር፤ ለዓመታት ያጠራቀሙት ቢትኮይን በሙሉ በዚያች ወረቀት ላይ ነበር። ላፕቶፑ እንደ ልማዱ ሦስት ቀን መደርደሪያችን ላይ ቢያድር ኖሮ፣ በአጠገቡ ያለፈና ፎቶ ያነሣ ማንኛውም ሰው ገንዘቡን ከየትም ሆኖ ሊወስደው ይችል ነበር። ወረቀቷን ወዲያው እንዲወስዷት፣ እኛም ስላየናት አዲስ ዋሌት ከፍተው ገንዘቡን በዚያው ቀን እንዲያዛውሩ ነገርናቸው። ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይኸው አጋጣሚ ነው።

አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ስልክ ስንረከብ የመክፈቻ ቁጥሩን በደረሰኙ ጀርባ መጻፍ የቆየ ልማዳችን ነበር። ይህ ድሮም ትክክል አልነበረም፤ ዛሬ ደግሞ የብዙዎቻችሁ ቁጠባ በስልክ ውስጥ ባለ ዋሌት ስለሆነ ከስሕተትም በላይ ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ የመክፈቻ ቁጥር በጽሑፍ አንቀበልም፤ ሥራው ስልኩን መክፈት የሚጠይቅ ከሆነ እናንተው ባላችሁበት ትከፍቱታላችሁ። ዋሌት ያለበትን መሣሪያ የምንረከበው የመልሶ ማግኛ ቃላቱ (በዚያች ቢጫ ወረቀት ላይ እንዳየናቸው ያሉት፣ ዋሌቱን በሌላ መሣሪያ ላይ መልሰው የሚከፍቱት ቃላት) በእጃችሁ መኖራቸውን አረጋግጣችሁ ዋሌቱን ከመሣሪያው ላይ ካጠፋችሁት በኋላ ነው። ስክሪኑ ተሰብሮ ማጥፋት ካልተቻለ ደግሞ በሌላ መሣሪያ ላይ ዋሌታችሁን መልሳችሁ፣ ገንዘቡን ወደ አዲስ ዋሌት አዛውራችሁ ኑ። ቃላቱን እንድናስገባላችሁ ወይም እንድናስቀምጥላችሁ ብትጠይቁን እምቢ እንላለን፤ እባካችሁ እንደ ንቀት አትቁጠሩብን።

ስለ እነዚህ ቃላት እንዲህ የምንጨነቅበት ምክንያት አለን። ዋሌት ስትከፍቱ የሚሰጧችሁ 12 ወይም 24 ቃላት 2,048 ቃላት ካሉት የታወቀ ዝርዝር ውስጥ የወጡ ሲሆኑ፣ ገንዘቡን ለማንቀሳቀስ የሚያስችሉት የግል ቁልፎቻችሁ ሁሉ የሚሰሉት ከእነርሱ ነው። የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ቢሰለፍ ቅደም ተከተላቸውን ገምቶ አይደርስበትም። ሌባው ግን በመገመት አይደክምም፤ እናንተኑ ይጠይቃችኋል። በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ «ዋሌቴ አልሠራ አለኝ» ብላችሁ ስትጽፉ፣ የአስተዳዳሪውን ስምና ፎቶ የወሰደ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ በውስጥ መስመር ይመጣል፤ «ወንድሜ» ወይም «እኅቴ» እያለ ያጽናናል፤ ከዚያም ዋሌቱን ለማስተካከል ነው ብሎ አንድ ሊንክ ይልካል። ሊንኩን ስትከፍቱ የዋሌቱ አርማና በሥሩ 12 ባዶ ሳጥኖች ይታያሉ። ሳጥኖቹ ከተሞሉ በኋላ ገንዘቡ ለመሄድ ጥቂት ሰከንዶች ይበቁታል። ትክክለኛ የዋሌት ኩባንያ፣ የመገበያያ ድርጅት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ጥገና ቤት እነዚህን ቃላት የሚጠይቅበት ምንም ምክንያት የለውም።

ቃላቱን ስክሪንሾት አድርጎ በፎቶ ማኅደር ማስቀመጥም ያው ነው። ካስፐርስኪ የተባለው የደህንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ስፓርክካት የሚል ስም የሰጠውን ተንኮል አዘል ፕሮግራም ይፋ አድርጎ ነበር፤ ፕሮግራሙ በጉግል ፕሌይና በአፕ ስቶር ላይ በነበሩ አፖች ውስጥ ተደብቆ የተጠቃሚውን ፎቶዎች እያነበበ የመልሶ ማግኛ ቃላት የሚፈልግ ነበር። በወረቀት ጽፋችሁ፣ ከተቻላችሁም በብረት ላይ አስቀርጻችሁ፣ እሳትና ውኃ አንድ ላይ በማያገኟቸው ሁለት ቦታዎች አስቀምጡ። ከላፕቶፕ ሥር ግን አይሁን።

ዕውቀት ያላቸው ሰዎችም ይታለላሉ። እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 2025 ዱባይ ከሚገኘው ባይቢት ከተባለ የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል ኢቴሪየም የተባለ ክሪፕቶ ተሰርቋል፤ ኤፍቢአይም ድርጊቱን የፈጸሙት የሰሜን ኮሪያ ጠላፊዎች መሆናቸውን አስታውቋል። ጠላፊዎቹ ዝውውሩ የሚፈረምበትን ሶፍትዌር የሚያቀርበውን ድርጅት አንድ ባለሙያ ኮምፒውተር ቀድመው ስለያዙ፣ የባይቢት ፈራሚዎች በስክሪናቸው ያዩት የተለመደውን ዝውውር ሲሆን የፈረሙት ግን ሌላ ነበር። በእናንተ ስልክ ላይም ተመሳሳይ ነገር ሊደርስ ይችላል፦ የነጻ ሽልማት የሚሰጥ ድረ ገጽ ዋሌታችሁን እንድታገናኙና «አጽድቅ» የሚለውን እንድትጫኑ ይጋብዛል፤ የምታጸድቁት ግን ያላችሁን ሁሉ የመውሰድ ፈቃድ ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ችኩል ፊርማ ነው ሌባውን የሚጠቅመው። ብዙ ገንዘብ ያላችሁ ከኢንተርኔት ተለይቶ ቁልፉን የሚይዝ አነስተኛ መሣሪያ በቀጥታ ከአምራቹ ግዙ፤ በመሣሪያው ትንሽ ስክሪን ላይ የሚታየውን መጠንና አድራሻ ሳታነብቡም አታጽድቁ። ሣጥኑን ስትከፍቱ ቃላቱ አስቀድመው ተጽፈው ካገኛችኋቸው፣ መሣሪያውን የላከላችሁ ሌባ ነው።

ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ክሪፕቶ) ደጋግማችሁ ለምትልኩ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ሌባው የምትልኩበትን አድራሻ (የተቀባዩን ዋሌት የሚለየውን ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር) መጀመሪያና መጨረሻ የሚመስል አድራሻ ይሠራል፤ ከዚያ አድራሻም ኢምንት ገንዘብ ይልክላችሁና በዝውውር ታሪካችሁ ውስጥ ቁጭ ይላል። በሚቀጥለው ጊዜ ከታሪኩ ላይ ኮፒ ስታደርጉ የእርሱን ታነሣላችሁ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 አንድ ባለ ሀብት በዚህ መንገድ ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ልኮ ነበር፤ ከድርድር በኋላ አብዛኛው ተመለሰለት፣ እንዲህ ያለ ዕድል ግን ብርቅ ነው። አድራሻውን ሁልጊዜ ከተቀባዩ ውሰዱ፤ ፔስት ካደረጋችሁ በኋላም መካከሉን ጭምር አመሳክሩ፤ ኮፒ ያደረጋችሁትን አድራሻ በሌላ የሚተካ ቫይረስ እኛም ከምናጸዳቸው ኮምፒውተሮች ላይ አግኝተናል።

የስልክ ቁጥራችሁም ቁልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ገጽ የተጠለፈው የስልክ ቁጥሩ ወደ ሌላ ሲም በመዛወሩ ነበር። የስልክ ኩባንያችሁን ቁጥራችሁን እንዲቆልፍላችሁ ጠይቁ፤ የማረጋገጫ ኮድም በቴክስት ከሚመጣ ይልቅ ከማረጋገጫ አፕ የሚወጣውን ተጠቀሙ።

እናቶቻችንንና አባቶቻችንን በተመለከተ በተለይ ልናሳስብ የምንወደው በነዳጅ ማደያዎች የሚታዩትን፣ ጥሬ ገንዘብ ተቀብለው ቢትኮይን የሚልኩትን የቢትኮይን ማሽኖች ነው። የባንክ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ያለ ደዋይ ሂሳባችሁ አደጋ ላይ ነው ብሎ ያስደነግጣል፤ ስልኩን ሳትዘጉ ጥሬ ገንዘብ አውጥታችሁ በማሽኑ በኩል እንድታስገቡ ያዝዛል። ኤፍቢአይ ከክሪፕቶ ጋር በተያያዘ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ወደ 9.3 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ኪሳራ ሪፖርት ተደርጎለታል፤ ከፍተኛውን ድርሻ የያዙትም ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ሰዎች ናቸው። በቢትኮይን ማሽን ግብር የሚሰበስብ ወይም ሂሳብ የሚጠብቅ መንግሥት የለም።

ወደ አገር ቤት ገንዘብ ለምትልኩ አንድ ነገር እንጨምር፦ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑን ገልጾ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል።

ጉዳት ከደረሰባችሁ ሰዓት አትጠብቁ። የቀረ ካለ በንጹሕ መሣሪያ ላይ ወደ ተከፈተ አዲስ ዋሌት አዛውሩ፤ የዝውውሩን መለያ ቁጥርና የደረሰበትን አድራሻ ይዛችሁ ለመገበያያ ድርጅታችሁና ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል አመልክቱ። ዩኤስዲቲን የሚያወጣው ቴተር በአንድ አድራሻ ያለን ገንዘብ ማገድ ስለሚችል፣ ሌባው ሳያሸሸው መድረስ ዋጋ አለው። «ክፈሉኝና አስመልሳለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ሁለተኛው ሌባ እርሱ ነው። እኛም የተሰረቀ ክሪፕቶ የማስመለስ አቅም የለንም፤ ልንሠራላችሁ የምንችለው መሣሪያውን መርምሮ ማጽዳት ነው፤ በዚህ ጉዳይ ለሚመጡ ደንበኞቻችንም ምርመራውን ያለ ክፍያ እናደርጋለን።

የመክፈቻ ቁጥሮች የተጻፉባቸውን የቆዩ ደረሰኞች በወረቀት መፍጫ ማሽን አስወግደናል። ሆኖም ከዚህ ደብዳቤ በፊት ስልክ ያስጠገናችሁ ሁሉ ቁጥራችሁን ዛሬውኑ እንድትለውጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የጥገና ቤቱ ባለቤቶችና ሠራተኞች